የሶፋው ቀኝ ጥግ

ማመን የማትፈልጉ ከወዲሁ ማለፍ ትችላላችሁ። አልቀየማችሁም። ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በራሴ ላይ ነው የሆነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። አልጠጣሁም፣ ትኩሳትም አልነበረኝም። ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ ከታች መንገድ ላይ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ... እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የማላውቃት ሴት ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ፣ አፍንጫዬን ሶፋዋ ላይ ደቅኛለሁ።

ሥራዬ ነው። ሶፋ አጥባለሁ።

ሕፃን የሸናበት፣ ድመት የከረመችበት፣ ወተት ፈሶበት የተረሳ፣ የሲጋራ ጭስ የጠገበ... ቤት ለቤት እየዞርኩ እንዲህ ያለውን ሽታ አስወጣለሁ። ሰዎች ሽቶ ይረጩበትና ሲብስባቸው ይጠሩኛል። ሽቶ ምንም አያስወጣም፣ ለሽታው ልብስ ማልበስ ነው። ሽታ የሚኖረው ጨርቁ ላይ አይደለም። ከታች ነው፣ ስፖንጁ ሆድ ውስጥ።

የሚያውቁኝ ሁሉ «አፍንጮ» ይሉኛል። አፍንጫዬ ትልቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ... እሺ፣ ትንሽ ትልቅ ነው። ግን ስሙ የወጣልኝ አንዴ ያሸተትኩትን ስለማልረሳ ነው። ባሌም «አፍንጮዬ» ነው የሚለኝ።

ለዚያ ነው ወዲያው ያወቅኩት።

የቤቱ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናት። አርባዎቹ ውስጥ ትሆናለች፣ ረጋ ያለች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ሐብል ያንጠለጠለች ሴት። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ አለ። ሶፋው ባለ ሦስት መቀመጫ ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ። ንጹሕ ነው። ያለ ማጋነን፣ ከብዙ ሰው አልጋ የበለጠ ንጹሕ ነው።

«ሦስት ሰው አጠበው» አለችኝ። «አልወጣ አለ።»

«የት ጋ ነው?»

«ቀኝ ጥጉ ላይ።»

ይህንን በሹክሹክታ ነው ያለችው። ሰው እንዳይሰማት የፈለገች ይመስል... ብቻዋን በምትኖርበት ቤት።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ።

ቅርንፉድ።

የናስ ብናኝ።

ከሁለቱ ሥር ደግሞ... የአንገት ሽታ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የተኛሁት አንገት።

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ናስ ሲሞርድ ይውላል። የሚያመው መንጋጋ ስላለው ቅርንፉድ ከአፉ አይጠፋም። እነዚህ ሁለቱ የማንም ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን የእሱ ብቻ ነው።

ደግሜ አሸተትኩ።

«ምን ሸተተሽ እህቴ?»

«ምንም... ላብ ነገር ነው። ማን ነው እዚህ ጋ የሚቀመጠው?»

«ማንም።»

«ባለቤትዎ?»

«አላገባሁም።»

«እንግዳ ይሆናላ?»

«እህቴ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ደንበኛ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

ውሸታም፣ አልኩ በሆዴ። ቀና ብዬ አየኋት። አንገቷ ረዥም ነው። ጥፍሮቿ የተሞረዱ ናቸው። የእኔን እጅ አየሁት፤ ሳሙናና አቼቶ የበላው፣ እንደታጠበ ካልሲ የተጨማደደ።

ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩ፣ በብሩሽ አሸሁ፣ አቼቶ በውሃ በጥብጬ ረጨሁ፣ ከዚያ በመምጠጫ ማሽኑ ሳብኩት።

እዚህ ጋ ነው የመጀመሪያው ነገር...

ማሽኑ መጥጦ ያወጣው ውሃ ንጹሕ ነበር። እንደ መጠጥ ውሃ ኩልል ያለ። ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ሶፋ እንኳን ትንሽ ያደፈርሳል። ሽታው ክፍሉን ሞልቶ ውሃው እንዴት ይጠራል?

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ሲል ሴትየዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ምንም ሳትለኝ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ያኔ ሽታው አዲስ ሆነ። የቆየ ሽታና ትኩስ ሽታ ይለያያሉ። ይኼኛው ሰውየው አጠገቤ ያለ ያህል ትኩስ ነበር። ቀኝ ጥጉ ደግሞ ቀስ ብሎ ረገበ።

እርጥብ ስፖንጅ ይረግባል። እንደዚያ ብዬ አለፍኩት።

ማታ ባሌ ሲገባ በር ላይ ጠብቄ ኮሌታውን አሸተትኩ። እዚያ ቤት ቢውል ኖሮ የዚያች ሴት ሽታ ይኖርበት ነበር፤ የጨርቅ ጠመኔዋ፣ የስፌት መኪናዋ ዘይት፣ የእጅ ቅባቷ። ምንም የለም። ሌላ ሴት ብትሆን እፎይ ትል ነበር። እኔ ግን «ታጥቦ ነው የሚመጣው» አልኩ።

«ዛሬ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ሶፋ አጠብኩ።»

«ጎበዝ።»

«ሦስተኛ ፎቅ። ታውቃታለህ?»

«ማንን?» ብሎ ሳቀ። «አፍንጮዬ፣ ደግሞ ምን ሸተተሽ?»

ሳቁ ያበደ ቆንጆ ነው። ያን ቀን ግን ጠላሁት። ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ሲገላበጥ እያደረ፣ ሰሞኑን ከሥራ ሲመለስ ግን ፊቱ የታደሰ፣ ዓይኑ የጠራ ሆኗል። የት አርፎ ነው?

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ደወለች።

«ተመለሰ።»

«ሽታው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ይቆይና ይቀልላል።» ድምፅዋ ወረደ። «እህቴ... እብድ ናት አትበይኝ። የሚቀመጥ ሰው አለ። አላየውም። ግን ይቀመጣል።»

እኔን ልታጃጅለኝ ነው አልኩ። ወይ አውቃኛለች፣ ወይ ባሌ ነግሯታል፣ ሁለቱም ተቀምጠው እየሳቁብኝ ነው።

ሰኞ ዕለት ሥራዬን ትቼ ከባሌ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ቆምኩ። በዓይኔ ልይዘው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ወጥቶ ወደ እሷ ሲሄድ...

አልወጣም።

ስምንት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሱቁን መዝጊያ ገርበብ አደረገ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ፣ ቁልፎቹ በተንጠለጠሉበት ሥር፣ ደገፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ስምንት ሞላ። ደወልኩላት።

«መጣ?»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«...መጣ። አሁን።»

መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሱቁ ገባሁ። በእኔና በባሌ መካከል አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ብረት ይሸታል፣ ግሪስ ይሸታል። እሱ ግን አይሸትም።

«ምን እያደረገ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ተደግፏል። የሶፋው መደገፊያ ወደ ውስጥ ገብቷል።»

ባሌን አየሁት። ደረቱ አይነሳም፣ አይወርድም። የከንፈሩ ጥግ ግን...

«እህቴ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

«ዛሬ ፈገግ ያለ ይመስለኛል።»

«አላየውም ብለሽኝ የለ?»

«አላየውም። ብቻ... ይሰማኛል።»

ባሌ ፈገግ ብሎ ነበር።

እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ከኋላው እንደተንጠለጠሉት ቁልፎች ቀዝቃዛ ነው። ነቀነቅኩት። አንዴ። ሁለቴ። ዓይኑን ገለጠ።

ስልኩ ውስጥ፣ በዚያችው ቅጽበት...

«ተነሳ» አለች።

ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» ባሌ ነው፣ ዓይኑን እያሸ።

«የት ነበርክ?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ ሸለብ አደረገኝ።»

«ሕልም አይተሃል?»

ትንሽ አሰበ። «ሕልም እንኳን አይደለም። አረፍኩ። አንድ ለስላሳ ነገር ላይ ተቀምጬ... አንዲት ሴት እያንጎራጎረች ትሰፋለች። ፊቷን አላየሁትም። ብቻ ደስ ይላል። ቀልቤ ሰብሰብ ይልልኛል።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ፈርቼ ነበር። መሬቱ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ግን ፍርሃቱ አንድ ሌሊት አድሮ ወጣ። ሳይወጣ የቀረው ሌላው ነው።

ደስ ይላል?

እኔ ቤት ሶፋ የለም? በየእሁዱ በእጄ የማጥበው፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት ሶፋ? እሱ ላይ አርፎ አያውቅም። ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሊሄድ እንደተነሳ እንግዳ። እርግጥ ነው «ጫማህን አውልቅ» እለዋለሁ። «ራስህን አታስደግፍ፣ ቅባትህ ይነካዋል» እለዋለሁ። ግን የሰው ቤት ሶፋ ላይ ለመሄድ ይኼ ምክንያት ይሆናል? ያውም ገላውን ሱቅ ውስጥ ጥሎ?

ከሌላ ሴት ጋር በእግሩ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር። እግርን ይይዙታል። ይኼንን ምን ብዬ ልያዘው?

ረቡዕ ሳልጠራ ሄድኩ። ዕቃ መያዣዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ በረኪና አለ።

ሶፋ የሚያጥብ ሰው ባለ ቀለም ከፋይ ላይ በረኪና አያፈስም። ቀለሙን ይበላዋል፣ ጨርቁን ይገድለዋል። በአሥር ዓመት ሥራዬ አንድ ጊዜ እንኳን አድርጌው አላውቅም።

በሩን ከፈተችልኝ። ፀጉሯን ተሠርታለች። ጉትቻ አድርጋለች። ቀኝ ጥጉ ላይ አዲስ የተሰፋ ትንሽ ትራስ አለ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ የተጠለፈ። አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ሻይ ተቀድቷል። ይተናል።

ሻዩ ለእሷ አይደለም። የእሷ መኪናው ጋ አለ።

«እህቴ፣ ልደውልልሽ ስል መጣሽ» አለችኝ። «ይቅር።»

«ምኑ ይቅር?»

«ማጠቡ። ይኑር... ለመድኩት። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ አሁን ግን ስምንት ሰዓት ሲቃረብ...» አልጨረሰችውም። ጉንጯ ቀላ። «ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

«ሰው አለ!» ጮህኩባት። «የእኔ ሰው! ባሌ ነው፣ ገባሽ? ባሌ!»

አልሳቀችም። አልተቆጣችም።

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ ይመጣል?»

ትራሷን ወርውሬ ጠርሙሱን ገለበጥኩት። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጭ። በብሩሽ ፈተግኩት። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፣ ገፈተርኳት። «ይቅር! ስለ ፈጠረሽ ይቅር!» እያለች ታለቅሳለች። ዓይኔ ይቃጠላል፣ ጉሮሮዬ ይቃጠላል። እኔ እፈትጋለሁ።

የግድግዳው ሰዓት ስምንት አለ።

ስፖንጁ ከእጄ ሥር ረገበ።

ጆሮዬ ላይ የሞቀ ትንፋሽ... ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል...

«አፍንጮዬ... ያቃጥላል።»

ሰማሁት። ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ መዋሸት እችል ነበር፣ ማን ያውቅብኛል?

ሰማሁና አላቆምኩም።

ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰስኩት። ስፖንጁ እስኪበጫጨቅ ፈተግኩት። ከእጄ ሥር የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቆመ።

ሽታው ጠፋ። ቤቱን የሞላው በረኪና ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ትራሷን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ለቅሶዋ ድምፅ የለውም።

ሱቁ ድረስ ሮጥኩ። ሲሞርድ አገኘሁት። ዓይኑ ገልጧል፣ ደህና ነው፣ ቁልፍ ይሞርዳል።

«ምነው ፈጠንሽ?» አለኝ።

አቀፍኩት። አንገቱ ውስጥ ገብቼ አሸተትኩ።

ምንም።

ኮሌታውን አሸተትኩ። ፀጉሩን። መዳፉን። ቅርንፉዱ በጥርሶቹ መካከል ይታየኛል፣ ግን አይሸትም። እንደ መስታወት። መስታወት አሽታችሁ ታውቃላችሁ?

ይኸው ከዚያ ወዲህ አብረን ነን። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሥራ ይሄዳል። ሳልነግረው ጫማውን ያወልቃል። ሶፋችን ላይ በልኩ ይቀመጣል። በቀልድ መሃል ሁሉም ሲስቅ ይስቃል። ሌሊት አይገላበጥም፤ በጀርባው እንደተኛ ይነጋል። የጎረቤት ውሻ ድሮ እግሩ ላይ ካልተጠመጠመች አታሳልፈውም ነበር። አሁን አጠገቧ ሲያልፍ ቀና አትልም። ግድግዳ ያለፈ ያህል ነው።

አፍንጮዬ ብሎኝ አያውቅም። በስሜ ነው የሚጠራኝ።

እኔ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያንስ የእኔ ነው፣ አልኩ። ቢያንስ የትም አይሄድም።

ልብስ ሰፊዋ ቤቱን ለቃ ሄዳለች። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ስልኳ አይሠራም። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ጊዜ እሞክረዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ያለፈው ማክሰኞ...

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዝናብ ነበር፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ከአንድ ደንበኛ ቤት ስወጣ ከሩቅ ባሌን አየሁት። ጃንጥላ ይዟል። ግን ጃንጥላው እሱ ላይ አይደለም፤ ወደ ጎን አዘንብሎታል። የእሱ ትከሻ በዝናብ ርሷል።

አሁን ያዝኳቸው፣ አልኩ። ፈጣሪዬ፣ በመጨረሻ በዓይኔ ያዝኳቸው።

ማሽኔን ግድግዳ ሥር አስቀምጬ ተከተልኩት። ቀረብኩ። ሃያ እርምጃ። አሥር።

ጃንጥላው ሥር ማንም የለም።

እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ እርምጃው አጭር ከሆነ ሰው ጋር እንደሚሄድ። የተጠራቀመ ውሃ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ጠበቀ። ከዚያ ቀጠለ። እኔን እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ ከፊቴ ነው የሚሄደው።

አውቶብስ ማቆሚያው ጋ ደረሰ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ጀርባው መስታወት የሆነ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ያለው። መሐረቡን አውጥቶ ወንበሩን ጠረገ። መጀመሪያ ጎኑን፣ በኋላ የራሱን ቦታ። ተቀመጠ። ጃንጥላውን ወደ ጎኑ አዘነበለ።

ከመስታወቱ ኋላ ቆምኩ። አላየኝም። ልጠራው አፌን ስከፍት የጨርቅ ጠመኔና የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ።

ብርዱ ከባድ ነበር። ከባሌ አፍ እንፋሎት ይወጣል፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ወጥቶ የሚበተን።

ከጎኑ፣ ጃንጥላው ሥር፣ ትከሻው በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ ከባዶ ቦታ... ሌላ እንፋሎት ወጣ።

አነስ ያለ።

ጠፋ። ደግሞ ወጣ።

ባሌ ፊቱን ወደዚያ አዞረና፣ ሁለቱ እንፋሎቶች መሃል ላይ ተገናኙ።